ዳንቴል አታልብሱት

ሻርጃ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአብዱልወሀብ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ቤትዎን በረካ አያሳጣው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ጋብ ብሏል፤ መሰላል ላይ ወጥቼ የሰው ጣሪያ ሥር ስፒከር ስገጥም እንደ በጋው ራሴን አያዞረኝም።

እናቴን የአጎቴ ልጅ ናት ሳይሉ እንደ እናትዎ ልጅ ቤትዎ አስገብተው ስለሚያስታምሙልኝ ምስጋናዬ በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። አላህ ይክፈልዎ ብዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስልክ ላይ ማውራት እንደማይወዱ፣ አንዱ ጆሮዎም ከመኪናዎ ጋር ጡረታ እንደወጣ ስለማውቅ ይኸው ጻፍኩ። ልጅዎ ሀናን የዚህን ደብዳቤ ፎቶ ከስልኳ ላይ ታንብብልዎት፤ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ከዚህ ለዕረፍት በሚመጣው በሐርቡው ጀሚል እጅ አንድ የሆም ቴአትር አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ልኬያለሁ። ለፊልም አይደለም። እናቴ ከታመመች ወዲህ አንደበቷ እንደተያዘ ነው፤ ዓይኗም በሞራ ስለደከመ ስልኩ ላይ ፊቴን አትለየውም። ጆሮዋ ግን ጨርሶ አልሄደም፤ ቦሩ ሜዳ ባሳያችኋት ጊዜ ሐኪሙ ወፈር ያለ ድምፅ ትሰማለች ብሏችሁ አልነበር? የስልክ ድምፅ ለሷ የትንኝ ድምፅ ነው። ስለዚህ በየጁምዓው ድምፄን ቀድቼ ለሀናን እልካለሁ፤ በአምፑ አድርጋ ታሰማልኝ። ኮንትራቴ የሚያልቀው ሰኔ ነው፤ እስከዚያ እኔና እናቴ የምንገናኝበት መንገድ ይኸው ብቻ ነው።

አምፑ አንድ ጠላት አለው፤ ሙቀት። ሲታፈን ይሞቃል፣ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል። አየር የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡልኝ። አክስቴን ረሂማን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። የምትወጣበትን መሰላል አላህ ያጽናልህ፣ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅህ። እናትህ ደህና ናት። ረሂማም ደህና ናት፤ ምላሷ ከሁላችንም ይልቅ ደህና ነው።

ዕቃው ደረሰ። ጀሚል ከመነኸሪያ በባጃጅ አምጥቶ ሲያወርደው የኤንትሬ ከባድ መኪና ባትሪ መስሎኝ ነበር፤ ወላሂ ወገቤ እስካሁን አልረሳውም። ሀናን ገመዱን ሰካካችና ድምፅህን ከፈተችው። "እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሙንዚር" ብሎ ግድግዳው ተናገረ። ረሂማ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። ጎረቤታችን ቀለሙ ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ፣ ሙንዚር መጣ እንዴ እያለ በአንድ እግር ጫማ ደረሰ። የለም፣ ድምፁ ነው የመጣው ብለነው እንኳን ከመጋረጃው ኋላ ሳያይ አልተመለሰም።

እናትህ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረችና ቆየች። አዎ ስትል ፍራሹን በመዳፏ መታ መታ እንደምታደርግ ታውቃለህ፤ መልእክትህ እስኪያልቅ እንደዚያ ስታደርግ ቆየች። ድገሙልኝ ማለቷ ነው ብለን ደገምንላት። ስንደጋግም ማሽኑ ድርግም አለ።

ነካ ባደርገው እሳት ነው። አየር ያግኝ ብለሃል፤ እኛ ደግሞ የክብር ቦታ ነው የሰጠነው፤ ቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ። ረሂማም እንግዳ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። እኔ የማውቀውን አደረግሁ፤ ድሮ ሐረጎ ዳገት ላይ የነዳጅ ፓምፑ ሲግልብኝ እንደማደርገው እርጥብ ጨርቅ አናቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። ጨሰ። ጭሱ ከጨርቁ ይሁን ከማሽኑ አልለየሁም። ከመግሪብ በኋላ ግን ሠራ። ሌላ ዘዴ ካለ ጻፍልኝ።

አጎትህ አብዱልወሀብ


ሻርጃ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ስስቅ ቆይቼ እርጥብ ጨርቅ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ ጠፋ።

አፉ ይበሉኝና አጎቴ፣ ውኃ ዳግመኛ እንዳይደርስበት። ኤሌክትሪክ ነው፤ እንኳን ማሽኑ እርስዎም ይሄዱብኛል። አናቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም፤ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳንቴሉ ይመልሰዋል፣ የቡፌው መስታወት ደግሞ በር ይዘጋበታል። ስለዚህ ከቡፌው ያውጡት። መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የማታገኘው ቦታ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ከሥሩም መተንፈሻ አለውና ምንጣፍ ላይ አይሁን። በግራና በቀኙ ስንዝርዎ ይግባ፣ ከላይ ደግሞ ከዚያ ይብለጥ። የቴሌቪዥኑን ዲኮደር አናቱ ላይ አትጫኑበት።

ድምፁንም እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። ስፒከሩን ወደ አልጋዋ ብታስጠጉት በግማሽ ድምፅ ይበቃታል፣ አምፑም አይደክምም። ሌላው፣ ከኋላ የስፒከሩን ሽቦ ሀናን ትየው፤ የቀዩ ክር ከጥቁሩ ጋር በፀጉር ያህል ከተነካካ ምንም ሳይሠራ ይግላል።

ዳንቴሉ እናቴ ዓይኗ ሳይደክም የሠራችው መሆኑን አውቃለሁ። አክስቴን እንዳያስቀይሙብኝ የተሻለ ቦታ ይፈልጉለት። ብቻ አታልብሱት።

ስለ መታ መታው የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ ላይ ሆኜም እሱን ነው የማስበው።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ። ቀለሙ ለገና በግ ሲያማርጥ አብሬው ስዞር ነው የዘገየሁብህ፤ እሱ ስለ በግ የሚያውቀው እኔ ስለ አምፕሊፋየር የማውቀውን ያህል ነው።

የቤቱን ጦርነት ልንገርህ። ረሂማ ዳንቴሉን አላነሳም አለች። ሳሊሃ በገዛ እጇ የሠራችውን ለአንድ ቆርቆሮ ብዬ ላነሳ እንዴ ብላ ቁጭ። እኔ ራዲያተር በብርድ ልብስ ሸፍኖ ዳገት የወጣ ሾፌር አላየሁም አልኳት። እሷ ደግሞ አንተ ሁሉም ነገር መኪና ይመስልሃል፣ ስታገባኝም ጎማዬን ረግጠህ ነው የወሰድከኝ አለች። ቀለሙ ሊሸመግል ገብቶ የባሰ አደረገው። ኋላ የዳንቴሉ ባለቤት ትፍረድ ብለን እናትህን ጠየቅናት። ዳንቴሉ ይነሳ ወይ ስንላት ፍራሹን መታ አደረገች። ትራስሽ ላይ ይሁን ወይ ስንላት አሁንም መታ አደረገች። ይኸው ትራሷ ላይ ነው፤ ረሂማም ከሷ ትእዛዝ አልወጣችም።

ከዚያ ያልከውን ሁሉ አደረግን፤ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ ስንዝሩ። ሽቦውንም ሀናን አየችው፤ አንድ ቀጭን ክር እንዳልከው ወጥታ ነበርና ጠቀለለቻት። ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ ጭምት ሆነ። ከዙህር በኋላ ግን የኮምቦልቻ ፀሐይ ጣሪያውን ስታግለው ይጠፋል። ስለዚህ አቅፌው ሚኒባስ ተሳፈርኩና ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ አግማስ የሚባል ጠጋኝ አለ፤ ቴፕ በነበረበት ዘመን የመኪናዬን ቴፕ የሚሠራልኝ እሱ ነበር። ከፈተው፤ ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ዘፈነ። እኛ ጃኬት ለብሰን እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ቁጭ ብለናል፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው። ጤነኛ ነው ይላል አግማስ። ኮምቦልቻ ላይ ይታመማል እላለሁ እኔ።

"ታዲያ እኔ ኮምቦልቻን ልጠግን?" አለኝ።

ስለምነው ግን ፈታው። ውስጡ የገባውን አቧራ በአየር ነፍቶ አወጣና ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ አናቱ ላይ ገጠመለት። ሐረጎን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ሲመጣ እንደ ሕፃን ግንባሩን እየነካሁ ነው ያመጣሁት። ረዳቱ፣ ፋዘር ትኩሳት አለው እንዴ ብሎ ተሳለቀብኝ። አሁን ይሻላል። ሰው ሲበዛ ወይ ቀኑ ሲበረታ ካልሆነ አይጠፋም።

እናትህ ትንሽ ደከም ብላለች። ምግብ ቀነስ አድርጋለች። ድምፅህ ሲመጣ ግን ትነቃለች። አብሽር።

አጎትህ አብዱልወሀብ


ሻርጃ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አላህ እርስዎንም አክስቴንም በአፊያ ያቆይልኝ። ስለ አግማስ የጻፉትን ለሥራ ባልደረቦቼ ስተረጉምላቸው ቀኑን ሙሉ፣ ኮምቦልቻን ማን ይጠግናት ሲሉ ዋሉ።

ደከም ብላለች የሚለው ግን አላስተኛኝም። እርስዎ ደከም ብላለች ካሉ በጣም ደክማለች ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የራስዎ እግር የተሰበረ ጊዜም ትንሽ ቆረጠመኝ ነው ያሉት። መምጣት የሚያስፈልግ ከሆነ አንድ ቃል ይጻፉልኝ፤ ኮንትራቱን ጥዬ እመጣለሁ።

ዛሬ ለሀናን አንድ መልእክት ልኬያለሁ። ከወትሮው ይረዝማል። እናቴን አፉ በይኝ እላታለሁ። ያጠፋሁባት የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ልጅ ለእናቱ ያጠፋውን ሁሉ የት ያውቃል? ብቻ ይህን ሳልላት፣ እሷም አፉ ሳትለኝ የአላህ ትእዛዝ ቢቀድመን፣ ያ ዕዳ እስክሞት አብሮኝ ነው የሚኖረው። በቃሏ ልትመልስልኝ እንደማትችል አውቃለሁ። መታ ካደረገች ይበቃኛል። አፉታዋን ካገኘሁ ከዱንያ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ወሬዬ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ አፉ በይኝ የሚለው መጨረሻው ላይ ነው የመጣው። እንደገና ልቅዳው ብዬ ነበር፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አደራ፣ ከመሃል እንዳይጠፋ። ማታውን አምፑ አርፎ ይደር፤ ጠዋት በብርዱ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ማራገቢያዋ ስትዞር አሰሙልኝ።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

ሰላሙ አለይኩም። ረመዳኑን የበረካ ያድርግልህ።

ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኛል። የዘገየሁት በኔ ምክንያት ነው። አምፑ እንደገና ሞቆ ጠፍቷል፤ ደሴ አግማስ ጋ ነው ያለው። ረዥሟን መልእክት አላሰማናትም። ማሽኑ ሲድን ይሆናል።

መምጣቱን ተወው። ኮንትራትህን ፈጽም። መሰላል ላይ ስትወጣ ቢስሚላህ በል፣ ከጀርባህ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። ሁሉም ሰላም ይሉሃል።

አጎትህ አብዱልወሀብ


ሻርጃ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጾሙን አላህ ያቅልልዎ። ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። ከዚህ በፊት ስለ እናቴ ሳይጽፉልኝ አልፈው አያውቁም፤ አሁን ሁሉም ሰላም ይሉሃል ብቻ አሉኝ። የጾም ድካም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ፊቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች ወይስ ጭልጥ ብላ ጠፍታለች? ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ሞቆ ራሱን ጠብቆ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ነቅላችሁ ብትተዉት በርዶ ይነሳል። ጭልጥ ካለች ፊውዝ ነው፤ አግማስ እዚያው ቁጭ ብለው ሳሉ ይቀይርልዎታል። ሁለቱም ደሴ የሚያሳድር ሥራ አይደለም። ወይስ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል አቃጥሎት ይሆን? ይህም ከሆነ ይነገረኝና ሌላ እልካለሁ።

እስከዚያ ሀናን ያቺን መልእክት በስልኩ ከፍታ ጆሮዋ ሥር ትያዝላት። ወፍራም ባይሆንም የኔ ድምፅ መሆኑን ትለየዋለች። እባክዎን ይህን ብቻ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

ሰላሙ አለይኩም። ምክርህ ደርሶናል፣ አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ።

መብራቷ ጭልጥ ብላ ነበር፤ ፊውዙም ተቀይሯል። አልተነሳም። አግማስ ሲመረምረው ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ከሞተሩ ወደ ማራገቢያዋ የሚሄደው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሷል። ማራገቢያዋ ካልዞረች ደግሞ እንደምታውቀው ይግላል። ቺንጋው ደሴ ላይ የለም፣ አዲስ አበባም ተፈልጎ ታጣ፤ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው ተብሏል። እስኪመጣ መታገሥ ነው። በስልክ ማሰማቱ አልሆነም፣ ጆሮዋን ያማታል።

ምግብህን በደንብ ብላ። ብቻህን አታፍጥር። ጀሚል ከረፍቱ ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከሱ ጋር ሁን። የአገር ልጅ ደግ ነው።

አጎትህ አብዱልወሀብ


ሻርጃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አላህ ያበርታዎት፤ አክስቴንም ያበርታልኝ።

የቺንጋውን ነገር ተረድቻለሁ። ከጅቡቲ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ አላጣድፍዎትም። በስልክ አሰሙልኝ ማለቴንም ተዉት።

ስለ ማሽኑ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሲቆም ሰው አጠገቡ ነበር? ተንገራግጮ ነው የቆመው ወይስ በቀስታ? ሌላ አልጠይቅም።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

ሰላሙ አለይኩም።

ሰው ነበር። እኔም ረሂማም ሀናንም ነበርን፣ ቀለሙም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሱብሒ አዛን እየተባለ ነው። ምንም አልተንገራገጨም። እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። በዕድሜዬ ብዙ ሞተር ሲቆም አይቻለሁ፤ እንዲህ በሰላም የቆመ ግን አላየሁም።

ዒዱን በደህና አውለን። ከዒድ በኋላ ጀሚል ይጠይቅሃል።

አጎትህ አብዱልወሀብ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አላህ ለሁላችንም ሶብሩን ይስጠን። ለእርስዎም እህትዎ ናትና አላህ ያጽናዎት።

ጀሚልና ሽማግሌዎቹ ትናንት ከሱብሒ በኋላ መጡ። ከማንኳኳታቸው በፊት ከፈትኩላቸው። ዒዱ ካለፈ ወዲህ በየጠዋቱ ምንጣፉን አንጥፌ እጠብቃቸው ነበር። ጀሚል መርዶውን እንዴት እንደሚጀምረው ስንት ቀን ሲያጠናው ከርሞ ምንጣፉን ሲያይ ጠፋበት። ማን ነገረህ አለኝ። ቺንጋው አልኩት። አልገባውም፤ ኋላ ሳስረዳው እያለቀሰ ሳቀ።

አጎቴ፣ አምፕሊፋየር ሞተርም ቺንጋም የለውም። ያቺ አግማስ የገጠማት ማራገቢያ ቀጥታ በኤሌክትሪክ፣ በገዛ ሆዷ ነው የምትዞረው። ያን ደብዳቤ ያነበብኩት የአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ቺንጋ የሚለውን ሳይ ገባኝ። ወርጄ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን በእርስዎ ላይ ክፉኛ ተቆጥቼ ነበር፤ እናቴን ቀብራችሁ ስለ ማሽን ትጽፉልኛላችሁ ብዬ። ማታ ደግሞ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው ብዕር ይዞ የሚዋሸውን ሲያጣ ታየኝና ንዴቴ በረደ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይረዳም አውቃለሁ። ስለዚህ ወጉ እስኪደርስ በማሽኑ በኩል ጠየቅሁዎት፤ እርስዎም በማሽኑ በኩል ነገሩኝ። ሱብሒ ላይ፣ በሰላም፣ ሁላችሁም አጠገቧ ሳላችሁ። ያቺ ደብዳቤ ባትኖር ዒዱን እንዴት እንደምውል አላውቅም ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ረዥሟን መልእክት አላሰማናትም ብለውኛል። አፉታዬን ሳልጠይቃት ሄዳለች ማለት ነው? እውነቱ ይህ ከሆነ እውነቱን ይንገሩኝ። አሁን የሚደበቅ ነገር የለም፤ መሰላል ላይም አይደለሁም፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል።

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙንዚር

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ማረፊያዋን ጀነተል ፊርደውስ ያድርግላት፣ ላንተ ሶብሩን ይስጥህ። አብሽር ልጄ።

መጀመሪያ አግማስን ከሐሜት ላውጣው። ቺንጋውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አምፑን ዳግመኛ አላየውም። ሾፌር ሳለሁ ጭነት ያዘገየሁ ቀን ለባለ ንብረቱ የምለው ቺንጋ ተበጠሰ ነበር። ሌላ ውሸት አላውቅም። ያንተ ምክር ደግሞ በመጣ ቁጥር አንዱን በር ይዘጋብኛል፤ ፊውዝ ስል ፊውዙ ይቀየር፣ ሙቀት ስል ይብረድ። አገሩን ሁሉ አፉን ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። መሰላል ላይ ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ብዬ ነው። ና ብዬ ያልጻፍኩልህ ደግሞ ጊዜ ስላልሰጠችን ነው፤ ደብዳቤህ በደረሰ በሳምንቱ ሄደች፣ በዚያው ቀን ቀበርናት።

አሁን ስለ መልእክትህ። አላሰማናትም ያልኩህ ውሸት ነው። ሰምታለች ብልህ ምን አለች ትለኛለህ፤ እሱን ደግሞ በዚያን ሰሞን ልጽፈው አልቻልኩም። ወረቀቱን አራት ጊዜ ጀምሬ ጣልኩት። አሁን ልጻፈው።

እንዳዘዝከው ነው ያደረግነው። ማሽኑ አርፎ አደረ፤ ጠዋት መስኮቱን ከፈትን፣ ማራገቢያዋ ትዞራለች። የረሳነው ሰዉን ነው። ሳሊሃ ጠንቶባታል ተብሎ ከገራዶም ከሐርቡም ጠያቂ መጥቶ ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ሙንዚር ሊናገር ነው ሲባል ማን ይወጣል? ሀናን ከፈተችው። አንተ ደግሞ አላሳጠርክም፤ የሻርጃን ዓሣ ገበያ አዞርከን፣ ስለሚያኮርፈው ሕንዳዊ ኃላፊህ አወራህ፣ በልጅነትህ ቦርከና ወንዝ ጫማህን የወሰደብህን አነሳህ። ሰዉ ይስቃል። እሷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራለች። ከዚያ ድምፅህ ተቀየረ። "እማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው" አልክ። ማሽኑ ድርግም አለ።

እኔ አበድኩ፤ ሰዉን አስወጣለሁ፣ ረሂማ በሰፌድ ማሽኑን ታራግባለች፣ ቀለሙ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ይጎትታል። ስንተራመስ ሀናን ጠራችን። ዞር ስል እናትህ ፍራሹን መታ መታ እያደረገች ነው። ማሽኑን የምትጠራ መስሎኝ፣ ቆይ ሳሊሃ፣ ይብረድና ይጨርስልሻል አልኳት። እጇን አላቆመችም። ሀናን ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ሥር፣ "እማማ ሳሊሃ፣ እሱ እኮ ገና ምን እንደሚለምንሽ አልተናገረም" አለቻት። እሷ መታ መታ ማድረጓን ቀጠለች። እስኪደክማት ድረስ ነው ያደረገችው።

ማሽኑ በርዶ ሲነሳ አፉ በይኝ አልክ። እሷ ያኔ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እጇ እዚያው ፍራሹ ላይ ተዘርግቷል። ስለ ቺንጋው ዋሽቼሃለሁ፤ ስለዚህ ግን ወላሂ አልዋሽህም። ቀለሙን ጠይቀው፣ በማርያም ምሎ ይነግርሃል።

አምፑ መስኮቱ ሥር ነው። ምንም አልሆነም። ረሂማ ከትራሷ ላይ ያነሳችውን ዳንቴል መልሳ አልብሳዋለች። አታልብሱት ማለትህን አልረሳሁም። ከእንግዲህ ስለማይበራ አይሞቅም ብዬ ዝም አልኳት።

አጎትህ አብዱልወሀብ